የዘለለው መርፌ

ሹራብ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉም «ድልድይ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት ክር የምታጠነጥነው ሴትዮ ነች። በዚህ በኩል ንድፍ የሚጽፉ ሴቶች አሉ፣ በዚያ በኩል የሰው ቋንቋ የማይገባቸው ማሽኖች አሉ፣ መሀል ላይ እሷ አለች። «በእሷ ላይ ካልተሻገርን ከብረት ጋር የት እንነጋገራለን?» ትላለች ክር አጠንጣኟ። ከዚያ እየሳቀች ትጨምራለች፦ «ድልድይ መሆን ጥሩ ነው፤ ክፋቱ ሁሉም እየረገጠሽ ማለፉ ነው።»

ያን ጊዜ ድልድይም አብራ ትስቅ ነበር።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው፤ አንዱ ወገኑ በሙሉ መስኮት። ማሽኖቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ መርፌዎቻቸው ከወዲያ ወዲህ ሲመላለሱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿሉ። በየማሽኑ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ሥራ አለ፤ ቀይ ከሆነች ማሽኑ ቆሟል። ለረጅም ዘመን ቀይ መብራት ማለት ክር አለቀ ማለት ብቻ ነበር። ሌላ ምክንያት ኖሯት በርታ አታውቅም።

ማሽኖቹን የሚያናግሩት በአንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የሠሩት ድልድይና የአክስቷ ልጅ ናቸው። ድልድይ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል እናቷ ስለሞተችባት፣ አክስቷ ወስዳ ከልጇ ጋር እኩል አሳደገቻት። በአንድ ሳህን በልተዋል፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጓትተዋል፣ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ቀድሞ አልቅሷል። እሷ «ወንድምዬ» ትለዋለች። ሠራተኛው ደግሞ «አለቃ» ይለዋል፤ ውሎ አድሮ የሹራብ ቤቱ ኃላፊ ሆኗልና። ቋንቋውን የሠሩት በአክስቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በውሰት ኮምፒውተር፣ ፍርፋሪውን በክንዳቸው እየጠረጉ ነበር። ቃላቱም ጥቂት ናቸው፦ እሰር፣ ድገም፣ አዙር፣ አያይዝ፣ ጨርስ። ሹራብ ለመሥራት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቋንቋው ታዲያ አንድ ጠባይ ነበረው። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው አይጠይቅም፣ አይጮህም፣ አይቆምም። ያቺን መርፌ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ያደረጉት አስበውበት አልነበረም። በየጥቃቅኑ ስህተት ማሽኑ እየቆመ ሲያሰለቻቸው ጊዜ «ይለፈው» ብለው ነው።

መጀመሪያ ንድፍ መጻፍ የተማረችላቸው አክስትየው ነች። ድልድይ «እቴቴ» ትላታለች። እቴቴ እያወራች የምትጽፍ ሰው ናት፤ አፏ የተናገረውን እጇ ይከተላል። አንድ ቀን ንድፍ እየጻፈች ሳለ ድመቷ ወተቱን ደፋችው። «ውይ!» አለች፤ «ውይ» ብላም ጻፈች። ማሽኑ «ውይ» የሚባል ቃል ስለማያውቅ መርፌዋን ዘለላት። ሹራቡ ሲወጣ እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ቀዳዳ ተቀምጣለች፤ ክብ፣ ንጹሕ፣ በጥንቃቄ የተከፈተች የምትመስል። እቴቴ ሹራቡን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ሄዳ ሌላ «ውይ» ጻፈች። ከአጠገቡ ሌላ። በማግስቱ ሹራብ ቤቱ ዳንቴል መሥራት ጀመረ።

ሰዉም «እትዬ ወንፊት» አላት። እሷም ወደደችው።

ሌሎቹ ሴቶች ሲከተሏት እያንዳንዷ ለቀዳዳዋ የየራሷን ቃል መረጠች። አንዷ «ባዶ» ትላለች፣ አንዷ የሞተች ላሟን ስም ትጽፋለች። ሳቂታዋ የምትባለው ደግሞ የባሏን ስም ነው የምትጽፈው። ለምን ቢሏት፣ «እኔ ስጠራው እሱ አይሰማ፣ እሱን ስጽፈው ማሽኑ አይሰማ። ቢያንስ እዚህ ከተጠራ አበባ ይወጣዋል» ብላ ክፍሉን በሳቅ ትሞላዋለች። የቤቱ ዳንቴል ሁሉ ቢገለጥ እንግዲህ በውይታ፣ በላምና በባል የተሞላ ነበር። ማሽኑም ሁሉንም አንድ አድርጎ፣ ምንም እንዳልሰማ ያልፋቸዋል።

እስከ ልጆቹ ሹራብ ድረስ።

የልጆቹን ሹራብ የጻፈችው አዲስ የገባች ሴት ነበረች። እጅጌውን ከትከሻው ጋር «አያይዝ» የሚለውን ቃል አጣምማ ጻፈችው። ማሽኑ እንደ ልማዱ አልጠየቀም፤ ዘለለው። ሹራቡ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሲጎትቱት ነው ጉዱ። ድልድይም አንዱን ለልጇ ወስዳላት ነበርና፣ ልጅቷ ጠዋት ለብሳው ወጥታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጅጌውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «እማዬ፣ ክንዴ ወልቋል» አለቻት። እናት ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቀጥ አለ፤ ያ ሹራብ በካርቶን ተጭኖ ለስንት ልጅ እንደሄደ ትዝ አላት። ጭነቱ በሙሉ ተመለሰ። መጋዘኑ እጅጌና ገላ ለየብቻ ተቆልሎበት፣ ያየው ሁሉ ፊቱን ያዞር ነበር።

ስለዚህ ቋንቋው ይለወጥ ያለችው እራሷ ድልድይ ናት። ይህ እንዲታወቅላት ትፈልጋለች። «የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ይቁም፣ ቀይ ያብራ፣ የቱ ቃል እንደሆነም ይናገር» አለች። አለቃም ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይኸው ስንት ዓመት ስለው የኖርኩት» አላት።

«ዳንቴሉስ?» አለችው።

«ዳንቴሉ ምን ይሆናል?»

«በማያውቀው ቃል ሁሉ የሚቆም ከሆነ፣ በየውይታው ሊቆም ነዋ። ዳንቴላችን በሙሉ የተሠራው ማሽኑ ዝም በማለቱ ላይ ነው።»

ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ ክርክሩ ደግሞ የጥል አልነበረም፣ የድሮውን የምግብ ጠረጴዛ የሚያስታውስ ነበር እንጂ። እሱ፣ «ሁሉንም ንድፍ መልሰው ይጻፉት» ይላል። እሷ፣ «የዕድሜ ልክ ሥራ ነው እኮ፤ አንተ ሱሪህን ፈትተህ እንደገና ስፋው ብትባል ትሰፋለህ?» ትለዋለች። እሱ፣ «እኛው በአንድ ጊዜ እንቀይርላቸዋ። ማሽኑ የማያውቀውን ቃል ሁሉ አንስተን 'ክፍት' የሚል አዲስ ቃል እንተካበት።» እሷ፣ «የሳቂታዋን ባል ከእጅጌው ስህተት በምን እለየዋለሁ? ሁለቱንም እኮ ማሽኑ አያውቃቸውም። ቀዳዳ ብዬ ያጸደቅኩት ነገ ተተርትሮ ይመጣል።» እሱ እንደገና፣ «እንግዲያው ሳይቆም ማስጠንቀቂያ ብቻ ይስጥ» ሲል፣ አሁን ሁለቱም ሳቁ። ማስጠንቀቂያ ማን ያነባል? ጥግ ላይ ተከፍቶ እንደተረሳ ሬዲዮ ሲለፈልፍ ይውላል።

በመጨረሻ መንገዱን ያገኘችው እሷ ናት። አዲስ ንድፍ የምትጽፍ ሴት ራስጌው ላይ «አዲስ» ብላ ትጽፋለች፤ ማሽኑም ያንን ሲያይ በአዲሱ ሕግ ይሄዳል፣ ለቀዳዳ «ክፍት» የሚለውን ቃል ብቻ ይቀበላል፣ ስህተት ሲያገኝ ይቆማል። ራስጌው ላይ ያ ቃል የሌለበት ንድፍ በድሮው ሕግ ይሄዳል፣ እንደ ድሮው ይዘላል። የተጻፈ አይነካም። ማንም ሳይገደድ፣ የፈለገ በፈለገበት ቀን ይሻገራል።

«ሁለት ሕግ ተሸክመን ልንኖር ነው?» አላት።

«እስኪያልፉ ነው። አምነውን የጻፉትን ግን አናፈርስባቸውም።»

አለቃ በእርሳሱ ጆሮውን አከከ። «እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አላት። «ግን አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ስናገር ትእዛዝ ይመስላቸዋል። አንቺን ያምኑሻል።»

ነገረቻቸው። ሴቶቹን መስኮቱ ሥር ሰብስባ፣ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ አስረዳቻቸው። ሳቂታዋ እጇን አውጥታ፣ «እኔ ሌላው አይገባኝም። ባሌ ይቀራል ወይስ ይባረራል?» ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«ባልሽ ባለበት ይቀመጣል» አለች ድልድይ። «የጻፋችሁት አይነካም። በእኔ ይሁንባችሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ቀን ግን ድልድይ አፋፍ ላይ የቆመች አልመሰላትም፤ መንገዱን በእጇ ጽፋዋለች፣ ሞክራዋለች፣ ሠርቷል።

ማታውን እቴቴ ቤት ጎራ ብላ ለብቻዋ ነገረቻት። የእቴቴ ዐይን ሞራ እየጣለበት፣ ፊደል ከፊደል መለየት ካቆመች ሰንብታለች። ዐይኔ ሳይዘጋ ልጨርሰው ብላ የተጣደፈችበት አንድ ንድፍ አላት፤ ትልቅ የዳንቴል የአንገት ልብስ፣ ዳር ዳሩን ቅጠል፣ መሀሉን ውኃ የመሰለ። ገና አልተሠራም። «የዐይኔ ጭማቂ» ነው የምትለው።

«መልሼ ላንብበው ብል አልችልም» አለቻት። «እጄ ነው የሚያውቀው። አሁን ተበላሽቷል ብትሉኝ የት እንደሆነ እንኳን ማየት አልችልም።»

«እቴቴ ሙች፣ አንድ ቃል አይነካም። ሰኞ አዲሱ ቋንቋ ሲገባ የመጀመሪያውን ማሽን ለአንቺ ነው የማስይዘው።»

እቴቴ እጇን ዘርግታ የድልድይን ፊት ዳሰሰችው፤ ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ሰውን የምታምነው እንዲህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ድልድይ ደረጃውን ስትወጣ ያ የዝናብ ድምፅ አልነበረም። በሩን ስትከፍት ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ በቀይ ሆኗል። ሴቶቹ በየማሽኖቻቸው ፊት ቆመዋል። በየስክሪኑ ላይ እሷው ራሷ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብላ በትሕትና የጻፈችው መልእክት ይነበባል፦ «ይቅርታ፣ ይህን ቃል አላውቀውም። ቆሜያለሁ።» ከሥሩም ቃሉ፦ ውይ። ባዶ። ላሚቱ። የሳቂታዋ ባል።

«አላውቀውም አለ!» ትላለች ሳቂታዋ፤ ዛሬ ግን አልሳቀችም። «እኔ ነኝ እንጂ አላውቀውም ማለት ያለብኝ፣ እሱ ምን አገባው? ድልድይ፣ በእኔ ይሁን አላልሽም?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ተሳስቶ ነው» አለች ድልድይ። ተቀምጣ የቋንቋውን ሆድ ከፈተችው። በእጇ የጻፈችው የድሮው ሕግ መንገድ የነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ስብርባሪው ይታይ ነበር። ይህ ግን ተነቅሎ የወጣ ነው፤ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ተገጣጥሞ፣ ስፌቱ እንኳን አይታይም። እንዲህ አድርጎ የሚነቅል እጅ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ነው የተማሩት።

ቢሮው ስትገባ አለቃ ቀና ብሎ አላያትም።

«ወንድምዬ፣ የድሮው መንገድ የለም።»

«አወቅሽ?»

«አንተ ነህ?»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። አንተ ነህ ወይ?»

ያኔ ቀና አለ። «ስሚኝ። ሁለት ሕግ ያለው ቋንቋ ማለት ዕድሜ ልክ ሁለት ጎዳና መጥረግ ነው። ደግሞ አሮጌውን በር ክፍት ከተውኩላቸው ማን በአዲሱ ይገባል? አንዳቸውም። ትንሽ ያለቅሳሉ፣ ይጽፉታል፣ ያልፋል።»

«ይህንን ያን ቀን ለምን አላልከኝም?»

«ብልሽ ትከራከሪኛለሽ።»

«እና?»

«እናማ አላልኩሽም።»

ድልድይ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለገች። «መቼ ነው ያወጣኸው?»

አለቃ እርሳሱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «አንቺ ስትነግሪያቸው ወጥቶ ነበር።»

መስኮቱ ሥር ቆማ «በእኔ ይሁንባችሁ» ስትል፣ ሴቶቹ ሲስቁ፣ እሱ በቢሮው በር ተደግፎ ያይ እንደነበር ትዝ አላት። ፈገግ ብሎ ነበር። ያን ፈገግታ ለእሷ የተሰጠ መስሏት ተደስታበት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ለካ ለጠላት ብቻ የተባለ አይደለም።

«ያመኑኝ እኔን ነው» አለች፤ ድምፇ ለራሷም አዲስ ሆነባት።

«ለዚህ እኮ ነው» አላት፤ ክፋቱ እንኳን አልታየውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእማዬ ብቻ እንዳትነግሪያት። የደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ልጅሽ ነው ያፈረሰብሽ ብትባል ትወድቃለች። እኔ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ድልድይ የተሳሳተችው። መጮህ ሲገባት ሆድ ይፍጀው አለች። ለእሱ ብላ አልነበረም፤ የእቴቴ እጅ አሁንም ፊቷ ላይ ያለ መስሏት ነበርና።

የዚያ ሳምንት ነገር አይወራም። ለሰው ስትለፋ ኖራ አመድ አፋሽ ሆነች። ስትገባ ወሬ ይቆማል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። ክር አጠንጣኟ፣ በፊት በፍቅር የምትቀልደዋ፣ አሁን ለሌላዋ እያለች ለእሷ ትናገራለች፦ «ድልድይ ሲሰበር አይተሽ ታውቂያለሽ? መሀል ላይ ስትደርሺ ነው።» ሴቶቹ የዓመታት ንድፋቸውን ዘርግተው፣ የቱ ቀዳዳ የቱ ስህተት እንደሆነ በጣታቸው እየተከተሉ ይለቅማሉ። ድልድይ ላግዛችሁ ብትል፣ «ተዪው፣ አንቺ አግዘሽናል» ይሏታል። አለቃ አጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ፣ «ያልፋል አላልኩሽም?» ይላታል።

እቴቴም አላስጠራቻትም። ይህ ቆይቶ ነው የገባት። እቴቴ ድልድይን ሳታስጠራ ይህን ያህል ቀን ውላ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት እራሷ ሄደች። እቴቴ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድልድይ እንደ ሁልጊዜው ከእግሯ ሥር፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ «ወንበር አለልሽ» አለቻት እቴቴ። ወንበሩ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ለእንግዳ የሚወጣው ወንበር ነው።

ድልድይ ተቀመጠች። «ተቀየምሽኝ እቴቴ?»

«ምን ብዬ እቀየማለሁ። ልጅ ይሳሳታል።»

«የምን ስህተት?»

«ነግሮኛል እኮ» አለች እቴቴ። «ሰኞ ማታውን መጥቶ ነገረኝ። 'ሁለት ሕግ መያዝ ሰልችቷት አውጥታው ነው፤ አትቆጪያት፣ ሥራ በዝቶባታል' አለኝ። ለምኖልሻል።»

ሰኞ ማታውን። ጠዋት «እንዳትነግሪያት» ብሎ ለምኗት፣ ማታውን ቀድሟት መጥቷል። አፏን ያስዘጋት ለእናቱ ጤና ሲል መስሏት ነበር፤ ለካ ያስዘጋት ቦታውን ለራሱ ወሬ ለማስለቀቅ ነው። ድልድይ እዚያ የእንግዳ ወንበር ላይ ሆና ወደ እቴቴ ዞረች።

«አንቺስ አመንሽው?»

«አላመንኩትም ነበር» አለች እቴቴ። ሞራ የጋረደው ዐይኗ ድልድይ ካለችበት ትንሽ ወደ ጎን ያያል። «መጀመሪያ አላመንኩም። ከልጅነታችሁ አውቃችኋለሁ። አንቺ ብርጭቆ ሲወድቅብሽ መሬት ሳይደርስ ነው የምትጮሂው፤ ጎረቤት ይሰማሻል። እሱ ግን ሲሰብር ድምፅ የለም። ስብርባሪውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ጠርጎ መጥቶ ይበላል። እግሬ ሲቆረጥ ነው የማውቀው። ስለዚህ፣ አይ፣ እሷ ከሆነች መጥታ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩሽ። ማክሰኞ ጠበቅኩሽ። ረቡዕም ጠበቅኩሽ። አልመጣሽም። ያኔ አመንኩት።»

ድልድይ ሁሉንም ተናገረች፤ ጠረጴዛውን፣ ክርክሩን፣ መስኮቱን፣ በሩ ላይ የነበረውን ፈገግታ፣ «ወጥቶ ነበር» ያላትን። እያለቀሰች ነበር የተናገረችው፤ ጎረቤት ቢሰማም ግድ አልሰጣትም።

እቴቴ ሰምታት ስትጨርስ አላባበለቻትም። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች፣ መልሳ ታስተካክላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ቢሉም፣ አንዱ ሲጠቁር ማየት ለእናት ቀላል አይደለም።

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?» አለቻት በመጨረሻ።

«ለአንቺ ብዬ።»

«ለእኔ ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው የጨረሱኝ» አለች እቴቴ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ማንን እንዳመነችም አልተናገረችም። ድልድይም ከእንግዳው ወንበር ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ድልድይ ማንንም ሳታስፈቅድ ከማሽኑ ፊት ተቀመጠች። የነቀለውን መንገድ መልሳ መጻፍ ጀመረች። እጇ ያውቀዋል። ሴቶቹ በጎን እያዩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ሳቂታዋ እቴቴን ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ማን እንዳስመጣት የጠየቀ የለም። ለእቴቴ ከመጀመሪያው ማሽን አጠገብ ወንበር አደረጉላት። አለቃ እናቱን አይቶ ከቢሮው ወጣ፤ ድልድይ የምትሠራውንም ያኔ አየ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቃሌን እየመለስኩ።» ከዚያ ተነሳች፤ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ስሙኝ። አይነካም ብያችሁ ተነክቷል። የድሮውን መንገድ ያወጣው አለቃ ነው፤ እኔ ቃል ስሰጣችሁ ቀድሞ አውጥቶት ነበር፣ አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ባወቅሁ ቀን ልነግራችሁ ሲገባኝ ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ያ የእኔ ነው።»

የክር ማጠንጠኛው እንኳን ቆመ።

«የቤታችንን ነገር ሰው ፊት?» አለ አለቃ፣ በጥርሱ መሀል።

«ቃሉንስ የሰጠሁት የት ነው? አደባባይ የሰጠሁትን ጓዳ ልመልሰው?»

እቴቴ ፊቷን ድምፁ ወዳለበት አቀናች። «ልጄ፣ እውነት ነው?»

አለቃ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ወደ ሰዓቱ አየ። «ሴቶች፣ ትእዛዝ አለብን፣ ወደ ሥራ» አለ።

«ዘለለው» አለች እቴቴ፤ ለማንም አልነበረም። «ይኸው፣ አሁንም ዘለለው።»

ሳቂታዋ ከአፏ የምታመልጥ ቀልድ ነበረቻት፤ ዋጠቻት። አለቃ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ድልድይን ግን አላስቆማትም። ማስቆምስ እንዴት ይችላል? እናቱ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አረንጓዴ መብራት በራ። የእቴቴ የአንገት ልብስ ረድፍ በረድፍ ከማሽኑ ሥር መውረድ ጀመረ። እቴቴ ጣቶቿን ዘርግታ እየተቀበለች ታነባለች፤ ቅጠሉን፣ ውኃውን፣ ውይ፣ ውይ፣ ውይ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን እየተዉ ተሰበሰቡ። መሀሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይቺ የእኔ አይደለችም።»

ድልድይ ጎንበስ ብላ ቦታዋን ንድፉ ላይ ፈለገች። እውነቷን ነው፤ ቀዳዳ ሳይሆን «እሰር» ነበር፣ ዐይኗ ሲደክም ተጣሞ የተጻፈ። ማሽኑ እንደ ድሮው ዝም ብሎ አልፎታል። «ስህተት ነው እቴቴ። ላስተካክላት?»

እቴቴ ያቺን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ እያሻሸች ቆየች። «አስተካክያት። ከዚያ ራስጌው ላይ ያንን አዲስ የሚለውን ጻፊልኝ፤ ውይታዬንም እያነበብሽልኝ አንድ በአንድ ወደዚያ 'ክፍት' ወደምትሉት ቃላችሁ እንቀይረው። ከእንግዲህ ስሳሳት ይንገረኝ። ዐይን የለኝም እኮ።» ከዚያ ወደ ቢሮው በር አቅጣጫ ዞረች፤ ድምፇን ግን ከፍ አላደረገችም። «ጠይቆኝ ቢሆን እሺ ነበር የምለው። ያልጠየቀኝ ነው የከፋው።»

«እኔ እንኳን ባሌን በ'ክፍት' አልቀይረውም» አለች ሳቂታዋ፤ አሁን ሁሉም ሳቁ፣ ክር አጠንጣኟም ሳቀች። ድልድይም ትንሽ ሳቀች። ተቀይሞ የቆየ ልብ በአንድ ቀን አይፈታም፤ ግን አንዷ ንድፏን ይዛ መጥታ፣ «ይቺ ቀዳዳ ናት ወይስ ስህተት?» ብላ ጠየቀቻት።

እቴቴ በእግሯ በርጩማ ፈልጋ ወደ ራሷ ጎተተችው። «ቅረቢ እንጂ፣ ምን ርቀሽ ታነቢልኛለሽ» አለቻት። ድልድይ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች፤ ማንበብም ጀመሩ።

መሸትሸት ሲል አለቃ ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ማሽኖቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ገሚሱ በአዲሱ ሕግ፣ ገሚሱ በድሮው። ከድልድይ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። እናቱ ከአንገት ልብሱ ላይ እጇን አላነሳችም።

«ስለዚህ ነገር ነገ እንነጋገራለን» አላት ለድልድይ፤ እንደ ድሮው ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘርግቶ።

ትከሻዋን ሸሸት አደረገች። «እሺ አለቃ» አለችው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ወንድምዬ» የምትለዋን ቃል የጠበቀ ይመስል ጥቂት ቆመ። ድልድይ ወደ ንድፉ ተመለሰች፤ ጣቷን በሚቀጥለው ውይታ ላይ አድርጋ ድምፇን አነሳች።

«እቴቴ፣ ይቺኛዋስ ያንቺ ናት?»